«ቲዲየስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በቦታው ለመጠቀም፦ ዝርዝር መመሪያ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው የሚያሰለች ነገር ሲገጥመው ቀድሞ አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል «ቦሪንግ» ነው። ፊልሙ «ቦሪንግ»፣ ንግግሩ «ቦሪንግ»፣ ቅጽ መሙላቱ «ቦሪንግ»፣ መንገዱም «ቦሪንግ» ይሆናል። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ስለ ነገሩ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ፊልሙ ያሰለቸው ታሪክ ስላጣ ነው? ንግግሩስ ስለረዘመ ነው? ቅጹ ያንኑ ጥያቄ መላልሶ ስለሚጠይቅ ይሆን? ሰሚው ይህን ሁሉ በግምት እንዲሞላ እንተወዋለን።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው «ቲዲየስ» በሚባለው ቅጽል ላይ ነው። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና የሥራ ደብዳቤዎች ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል። ብዙ ጊዜ «አሰልቺ» ተብሎ ይተረጎምና ይታለፋል። እኔ ግን በአማርኛ ይበልጥ የሚቀርበው «አታካች» ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ባዶ በመሆኑ ብቻ ሊያሰለች ይችላል። የሚያታክተው ግን እየተጎተተ ጊዜያችንንና ትዕግሥታችንን የሚጨርስ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ልዩነት ነው።

1. ድምፁንና ፊደሉን አስተካክሉ

ቃሉ ሦስት ቀለም አለው፤ ቲ፣ ዲ፣ የስ። ጠንከርና ረዘም ብሎ የሚነገረው የመጀመሪያው ነው። የመጨረሻው ደግሞ ለስለስ ብሎ ይዋጣል። ሁለተኛዋን ፊደል በማየት «ቴዲየስ» ብለው የሚያነቡ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ከጅምሩ ማረም ይሻላል። አንዳንድ አሜሪካውያን ቃሉን አሳጥረው «ቲጀስ» ይሉታል። ስትሰሙት ያው ቃል መሆኑን እወቁ፤ እናንተ ግን ሙሉውን ብትናገሩት ማንም ይረዳችኋል።

የሚጻፈው በሰባት ፊደላት ነው፤ ቲ፣ ኢ፣ ዲ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ። ስሕተት የሚበዛው ከ«ዲ» ቀጥሎ ባለው ቦታ ነው። «ሂዲየስ»፣ ማለትም እጅግ አስቀያሚ ወይም ዘግናኝ የሚለው ቃል በአነጋገር መጨረሻው ይመሳሰላል፤ እሱ ግን በዚያ ቦታ «ኢ» የተባለችውን ፊደል ይይዛል። «ቲዲየስ» የሚይዘው «አይ» የምትባለውን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ በእጃችሁ ብትጽፏቸው ዳግመኛ አይምታቱባችሁም።

2. ሥሩን እወቁ

የቃሉ መነሻ ላቲን ነው። በላቲን «ታይዲየም» ማለት መታከት፣ መሰልቸት፣ ከዚያም ሲብስ መጥላት ነው። ቅጽሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ቦር» የሚለው ግስ «ማሰልቸት» በሚል ፍቺ በጽሑፍ ብቅ ያለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ «ቲዲየስ» በዕድሜ ብዙ ይበልጠዋል። ዛሬም ከ«ቦሪንግ» ይልቅ የጽሑፍ ወዝ ያለው፣ ትንሽ ክብደት የሚሰማበት ቃል ነው።

አማርኛ ተናጋሪን ግን ከዕድሜው ይልቅ የላቲኑ ግስ ጠባይ ይጠቅመዋል። በላቲን «ታይዴት» የሚባል ግስ አለ። የታከተው ሰው የዚህ ግስ ባለቤት አይሆንም፤ የሚገባው በተሳቢነት ነው። «ሜ ታይዴት» ሲሉ «ይታክተኛል» ማለታቸው ነው። ይህ የእኛው «ታከተኝ» እና «ሰለቸኝ» አካሄድ ነው፤ እኛም ስሜቱ የደረሰበትን ሰው በግሱ መጨረሻ «ኝ»፣ «ህ»፣ «ው» እያልን በተሳቢነት እናመለክታለን። እንግሊዝኛ ግን ግሱን አልወረሰም፤ የወሰደው ቅጽሉንና ስሙን ነው። በዚህም ምክንያት ስሜቱ የደረሰበት ሰው ከቃሉ ውጭ ቀረ። «ቲዲየስ» የሚገልጸው የሚያታክተውን ነገር ብቻ ነው፤ የታከተውን ሰው አይገልጽም። በ4ኛው ደረጃ ላይ የምናየው ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

3. ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

ቃሉን ከመጠቀማችሁ በፊት ስለ ነገሩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ጊዜ ይወስዳል ወይም ይጓተታል? ያው ነገር ይደጋገማል ወይስ በጥቃቅን ዝርዝር የተሞላ ነው? ትዕግሥትን ያሟጥጣል? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ቃሉ ያለ ጥርጥር ቦታው ነው። ሁለቱ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላ ቃል ፈልጉ።

አንድ ሺህ ስሞችን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ሦስቱንም ያሟላል። ረጅም የቁጥር ዝርዝርን ከሌላ ዝርዝር ጋር ማመሳከርም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያለቀ፣ ማንንም ያላሳቀ ቀልድ «ቲዲየስ» አይባልም፤ ለመታከት እንኳ ጊዜ አልሰጠምና። በፍርሃት የተሞላ ረጅም የሌሊት ጉዞም አይባልም፤ ጉዞው ቢረዝምም ልብ ነቅቶ ይጠብቃል እንጂ አይታክትም። ይህን ሁለተኛውን ምሳሌ ልብ በሉት። ርዝመት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ርዝመቱ ከመደጋገም ወይም ከመጓተት ጋር መገናኘት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተውን ነጥብ ማንሣት እፈልጋለሁ። «ቲዲየስ» ነገሩ ከንቱ ነው አይልም። እንዲያውም ቃሉ አዘውትሮ የሚገኘው ከአስፈላጊ ሥራዎች ጋር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቲዲየስ በት ኔሰሰሪ» ይላሉ፤ አታካች ቢሆንም አስፈላጊ ነው ማለታቸው ነው። ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቃውንትና መርከበኞች ረጃጅም ቁጥሮችን በእጃቸው እያባዙና እያካፈሉ ሰዓታት ያጠፉ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ይፋ ያደረገው ማባዛትን ወደ መደመር፣ ማካፈልን ወደ መቀነስ ለውጦ ከዚህ ድካም ሊገላግላቸው ነበር። ስሌቱ ከንቱ አልነበረም፤ የከዋክብት ጥናቱም የባሕር ጉዞውም የቆሙት በእሱ ላይ ነበር። ሥራው ክቡር ነበር፤ «ቲዲየስ» ለመባልም የተገባ ነበር። ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከተረዳችሁ የቃሉን እምብርት ይዛችኋል።

4. የሚያታክተውን ነገርና የታከተውን ሰው ለዩ

ከሁሉም ደረጃ ረዘም ያለ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሰለቸኝ» ለማለት ፈልጎ «አይ አም ቲዲየስ» ሲል ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ፍጹም ትክክል ነው፤ ማንም አያርመውም። የሚናገረው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰሚው የሚገባው «እኔ አታካች ሰው ነኝ፤ ከእኔ ጋር መነጋገር ያሰለቻል» የሚል ነው። ስሕተቱ አደገኛ የሚሆነውም ትክክል ስለሚመስል ነው።

ከ«ቦሪንግ» ጋር ሲሆን እንግሊዝኛ ጥንድ ቃል አዘጋጅቷል። የሚያሰለቸው ነገር «ቦሪንግ»፣ የሰለቸው ሰው «ቦርድ» ነው። «ቲዲየስ» ይህን መሰል ጥንድ የለውም። ከእሱ ተነሥቶ «የታከተው ሰው» የሚል ቅጽል መፍጠር አይቻልም። ስለዚህ ስሜታችሁን መግለጽ ስትፈልጉ ወይ ሌላ ቃል ትመርጣላችሁ፣ ወይ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ መልክ ትሠራላችሁ።

«ሰለቸኝ» የምንለው ስሜት በእንግሊዝኛ ቢያንስ ወደ ሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሚስብ ነገር በማጣት የሚመጣው ነው። ሥራ የለም፣ የሚያነጋግር ሰው የለም፣ ጊዜው አልሄድ ብሏል። ለዚህ «አይ አም ቦርድ» በሉ። ሁለተኛው «በቃኝ» የሚል ስሜት ያለበት ነው። አንድ ነገር ተደጋግሞ ልብን ሲያንገሸግሽ «አይ አም ታየርድ ኦፍ ዚስ» ይባላል። «ኦፍ» የምትለዋን መስተዋድድ አትርሱ፤ እሷ ስትቀር ቃሉ የሰውነት ድካም ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው ሥራው ራሱ በጠባዩ የሚያታክት ሆኖ ስታገኙት ነው። የ«ቲዲየስ» ቦታ ይህ ነው፤ ቅርጹም «አይ ፋይንድ ዚስ ዎርክ ቲዲየስ» ነው። «ይህን ሥራ አታካች ሆኖ አገኘዋለሁ» እንደማለት ነው፤ በተፈጥሯዊ አማርኛ «ይህ ሥራ ያታክተኛል» እንለዋለን።

ይህችን «ፋይንድ» የምትል ግስ አጥብቃችሁ ያዙ። እናንተን ባለቤት አድርጋ ታስቀምጣለች፤ «ቲዲየስ» የሚለው ቅጽል ግን ሥራው ላይ እንዲያርፍ ትጠብቀዋለች። በተጨማሪም አነጋገሩን ታለዝባለች። «ሥራው አታካች ነው» ማለት በሥራው ላይ ፍርድ መስጠት ነው። «እኔን ያታክተኛል» ማለት ግን ሌላው ሰው ሊወደው እንደሚችል በር ክፍት መተው ነው። በሥራ ቦታ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። የኃላፊ ጊዜ ሲሆን «አይ ፋውንድ» ይሆናል፤ «አይ ፋውንድ ዘ ሌክቸር ቲዲየስ» ብትሉ ትምህርቱ አታክቶኝ ነበር ማለት ነው።

5. ከቅርብ ቃላት ለዩት

«ቦሪንግ» ሰፊው ቃል ነው። ለሰው፣ ለነገር፣ ለቦታ፣ ለቀን ይሆናል፤ በንግግርም በጽሑፍም ይገባል። «ቲዲየስ» ከዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ የሚጓተተውንና የሚደጋገመውን ለይቶ ይይዛል። ስለዚህ «ቲዲየስ» የሆነ ነገር ሁሉ «ቦሪንግ» ሊባል ይችላል፤ ግልባጩ ግን ሁልጊዜ አይሠራም።

«ደል» ሌላ ዓለም አለው። መሠረቱ ስለትን፣ ብርሃንን ወይም ንቃትን ማጣት ነው። የደነዘዘ ቢላ፣ የደበዘዘ ቀለም፣ ደመናማ ቀን፣ ድብን ብሎ የሚቆይ ስለታም ያልሆነ ሕመም፣ ሁሉም «ደል» ይባላሉ። አንዳቸውም «ቲዲየስ» አይባሉም። አንድ መጽሐፍ አጭርም ሆኖ «ደል» ሊሆን ይችላል፤ ሕይወት የሌለው፣ ፈዛዛ ማለት ነው።

«ሞኖተነስ» የግሪክ ሥር ያለው ሲሆን «አንድ» እና «ድምፅ» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። የሚያተኩረው ባለመለዋወጥ ላይ ነው። ከፍና ዝቅ የማይል ድምፅ፣ ለሰዓታት የማይለወጥ ሜዳ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ ለመግለጽ ይጠቅማል። ከ«ቲዲየስ» ጋር ብዙ ቦታ ይደራረባሉ። አንድ ነገር ግን ይለያቸዋል፤ የተለያየ ሆኖም የሚያታክት ሥራ አለ። ሃያ የተለያዩ ሰነዶችን ከሃያ የተለያዩ ክፍሎች ማሰባሰብ አንድ ወጥ አይደለም፤ ስለዚህ «ሞኖተነስ» አይባልም። «ቲዲየስ» ግን በሚገባ ይባላል።

«ታየሪንግ» አድካሚ ነው፤ ጉልበትን ወይም አእምሮን ያዝላል። ድንጋይ መሸከም አድካሚ ነው። ጠጠር መቁጠር ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚያልቀው ትዕግሥት ነው። «ታየርሰም» ደግሞ ወደ ማናደድ ያዘነብላል፤ ንዝንዝ ለሚያበዛ ሰው ወይም ልማድ ይስማማል። በአማርኛ «ይህ ልጅ አሰልቺ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ቃል ይህ ነው። «ሪፔቲቲቭ» ነገሩ እንደሚደጋገም ብቻ ይነግረናል፤ የሚደጋገም ሥራ የሚያረጋጋቸው ሰዎችም ስላሉ ፍርድ አይሰጥም። «መንዴን» የዕለት ተዕለት፣ ተራ ማለት ነው፤ ከላቲን «ዓለም» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን ተራ ነገር ሁሉ የግድ አያሰለችም። «ድራብ» ለመልክና ለቀለም፣ «ድሪሪ» ሐዘን ላጠላበት ነገር ነው። እነዚህን ሁለቱን ከ«ቲዲየስ» ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለማይገጥመኝ አልቆይባቸውም።

6. አብረውት የሚሄዱትን ስሞች በጥንድ አጥኑ

ቅጽልን ብቻውን መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም። ከስሙ ጋር አንድ ላይ ያዙት። «ቲዲየስ» ከሁሉ በላይ የሚስማማው ከሥራና ከሂደት ጋር ነው፤ «ኤ ቲዲየስ ታስክ»፣ «ኤ ቲዲየስ ጆብ»፣ «ኤ ቲዲየስ ፕሮሰስ»፣ «ቲዲየስ ፔፐርዎርክ»። የመጨረሻው ቅጽ መሙላትን፣ ሰነድ ማዘጋጀትንና ማስፈረምን ያጠቃልላል። ቀጥሎ ንግግርና ጽሑፍ ይመጣሉ፤ ለረዘመ ንግግር፣ ለማያልቅ ገለጻ፣ ለተንዛዛ ክርክር ይሆናል። ለጉዞና ለጥበቃም ይነገራል።

ሁለት የተለመዱ አባባሎችን ለይቼ ልጥቀስ። «ዘ ቲዲየስ ቢዝነስ ኦፍ» ከሚለው ቀጥሎ ግስ «ኢንግ» የሚል መጨረሻ ይዞ ይመጣል፤ ትርጉሙ «ያ አታካች የሆነው የእንዲህ ማድረግ ጉዳይ» ነው። ለምሳሌ «ዘ ቲዲየስ ቢዝነስ ኦፍ ፊሊንግ ኢን ፎርምስ» ቅጽ የመሙላትን ጣጣ ይገልጻል። እዚህ «ቢዝነስ» ከንግድ ጋር ግንኙነት የለውም። ሌላው «ኢን ቲዲየስ ዲቴይል» ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ሲተርክ እያንዳንዱን ጥቃቅን ነገር ሳይተው ሲዘረዝር የሚባል ነው።

ከሌሎች ቅጽሎች ጋርም ይጣመራል። «ሎንግ ኤንድ ቲዲየስ» እና «ስሎው ኤንድ ቲዲየስ» በጣም የተለመዱ ናቸው፤ ረጅምና አታካች፣ ዘገምተኛና አታካች ማለት ነው። በሥራ ሪፖርት ውስጥ ደግሞ «ቲዲየስ ኤንድ ታይም ኮንሱሚንግ» የሚለው ይበዛል፤ አታካችና ጊዜ የሚፈጅ። የማይስማማባቸውንም ማወቅ ይበጃል። ለቀለም፣ ለአየር ጠባይ፣ ለልብስ፣ ለምግብ ጣዕም አትጠቀሙበት።

7. በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት

ከስም በፊት ሲመጣ «ኤ» የምትባለውን መስተኣምር ይቀበላል፤ በተነባቢ ድምፅ ስለሚጀምር «አን» አይሆንም። በመካከል በአናባቢ የሚጀምር ቃል ከገባ ግን ይለወጣል፤ «አን ኤክስትሪምሊ ቲዲየስ ታስክ» እንላለን። ከግስ በኋላ ሲመጣ «ኢዝ»፣ «ዎዝ»፣ «ሲምስ»፣ «ቢኬም» ከሚሉት ጋር ይሄዳል። «ዘ ዎርክ ቢኬም ቲዲየስ» ሥራው እየዋለ እያደረ አታካች ሆነ ማለት ነው። ይህ ቅርጽ በተለይ ይጠቅማል፤ ብዙ ሥራ ሲጀመር ደስ ብሎ ኋላ ነውና የሚያታክተው።

ድርጊትን ለመግለጽ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ኢት ኢዝ ቲዲየስ ቱ» ብሎ ግስ ማስከተል ነው፤ «ኢት ኢዝ ቲዲየስ ቱ ካውንት ዘም ባይ ሃንድ»፣ በእጅ መቁጠር አታካች ነው። ሁለተኛው ድርጊቱን ራሱን ባለቤት ማድረግ ነው፤ «ካውንቲንግ ዘም ባይ ሃንድ ኢዝ ቲዲየስ»። ትርጉማቸው አንድ ነው። በንግግር የመጀመሪያው ይቀልላል፤ ድርጊቱን ማጉላት ስትፈልጉ ሁለተኛውን ምረጡ። ድርጊቱ ለማን አታካች እንደሆነ መናገር ካስፈለገ «ፎር» የሚለውን ጨምሩ።

ለማወዳደር «ሞር ቲዲየስ» እና «ዘ ሞስት ቲዲየስ» ይባላል። በአጫጭር ቅጽሎች ላይ እንደሚደረገው መጨረሻው ላይ «ኧር» ወይም «ኤስት» አይጨመርበትም። «ዘ ሞስት ቲዲየስ ፓርት» የሚለው፣ ማለትም ከሁሉ አታካቹ ክፍል፣ በሥራ ውይይት ላይ ደጋግሞ ይሰማል። ለማጠንከር «ቬሪ» ወይም «ኢንክሬዲብሊ»፣ ለማለዘብ «ኤ ቢት» ወይም «ራዘር» ይበቃል።

8. ሰው ላይ ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ

ስለ ሥራ ሲነገር ቃሉ ጨዋ ነው። ስለ ሰው ሲነገር ግን ይጎዳል። «ሂ ኢዝ ቲዲየስ» ማለት ሰውየው ወሬው የማያልቅ፣ ለዛ ቢስ፣ አጠገቡ መቀመጥ የሚያታክት ነው ማለት ነው። በፊቱ አይባልም፤ ከኋላውም ቢሆን ከባድ ነው። ከዚህ የማይተናነሰው ደግሞ የሰውን ሥራ በዚህ ቃል መግለጽ ነው። አንድ ባልደረባ ያቀረበውን ጽሑፍ «ቲዲየስ» ብትሉት አንብባችሁ የታከታችሁት እሱን እንደሆነ ይሰማዋል።

መናገር ግድ ከሆነ ርዝመቱን ለይታችሁ ጥቀሱ። ሁለተኛው ክፍል ቢያጥር ይሻላል ማለት ለጸሐፊው የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል። ለአለቃ ስትጽፉም እንዲሁ ነው። አሠራሩ «ቲዲየስ» ነው ብሎ ዝም ማለት ማማረር ይመስላል። «ታይም ኮንሱሚንግ» ብትሉት ግን ጊዜ እንደሚፈጅ የሚገልጽ ሐቅ ይሆናል፤ ከዚያም የሚፈጀውን ሰዓትና የማሳጠሪያውን ሐሳብ አስከትሉ። «ለቦሪየስ» የሚባለውም አማራጭ ነው፤ ብዙ ልፋት የሚጠይቅ ማለት ስለሆነ ለሠራተኛው ልፋት ዕውቅና ይሰጣል። የሌላውን ሰው ሥራ ስትገልጹ ከ«ቲዲየስ» ይልቅ ይህኛው ክብር አለው።

9. የቃሉን ዘመዶች ያዙ

ስሙ «ቲዲየም» ነው፤ መታከትን፣ የመሰልቸትን ሁኔታ ያመለክታል። «ዘ ቲዲየም ኦፍ ዌይቲንግ» የመጠበቅን መታከት ይገልጻል። «ሪሊቭ ዘ ቲዲየም» የሚለው አባባል ደግሞ መታከቱን ማቅለል፣ ጊዜውን እንዲሄድ ማድረግ ማለት ነው፤ በረጅም ጉዞ ላይ ሙዚቃ መስማት ለዚህ ይሆናል። ሌላው ስም «ቲዲየስነስ» የነገሩን አታካችነት ያመለክታል፤ ብዙ አይዘወተርም። ተውሳከ ግሱ «ቲዲየስሊ» ከሌሎች ቅጽሎች በፊት ያምርበታል፤ «ቲዲየስሊ ስሎው» እስኪታክት ድረስ ዘገምተኛ፣ «ቲዲየስሊ ሎንግ» እስኪታክት ድረስ ረጅም ማለት ነው።

10. ወደ አማርኛ ስትመልሱ አንድ ቃል ላይ አትቁሙ

ቃሉ በእንግሊዝኛ አንድ ቢሆንም አማርኛ ለየቦታው የተሻለ ቃል አለው። ለሥራና ለሂደት «አታካች» በሉ። ለንግግርና ለጽሑፍ «የተንዛዛ» ይበልጥ ይናገራል፤ ርዝመቱንም ቅጥ ማጣቱንም አንድ ላይ ይዟልና። ተደጋግሞ ለዛውን ላጣ ክርክር «እጅ እጅ የሚል» ማለት ይቻላል። ለጥበቃ «አሰልቺ» ይበቃል። ጉዞ ሲሆን «አልገፋ ያለ መንገድ» ማለት አንዳንዴ ከማንኛውም ቅጽል ይበልጣል፤ ተርጓሚ ቅጽልን በቅጽል የመመለስ ግዴታ የለበትምና። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሰው ስሜት የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ወደ ግስ ለውጡት። «ሺ ፋውንድ ኢት ቲዲየስ» የሚለውን «አታካች ሆኖ አገኘችው» ብሎ መተርጎም ስሕተት ባይሆንም የውጭ ሽታ አለው፤ «ታከታት» ብንል ሁሉንም ይገልጻል።

11. በራሳችሁ ሥራ ተለማመዱ

የምትሠሯቸውን ነገሮች አንድ ቀን ሙሉ በማስታወሻ መዝግቡ። ማታ ላይ እያንዳንዱን በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትኑት፤ ካለፈ «ቲዲየስ» የሚለውን አስገብታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ካላለፈ የትኛው ጎረቤት ቃል እንደሚስማማው ወስኑ። ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ ቅርጹን ቀይሩ፤ አንድ ቀን ከስም በፊት፣ አንድ ቀን «ፋይንድ» ከሚለው ግስ ጋር፣ አንድ ቀን በማወዳደር። እንግሊዝኛ ስታነቡም ቃሉን ባያችሁት ቁጥር አብሮት ያለውን ስም ለቅማችሁ ጻፉ። የገዛ እጃችሁ ዝርዝር ከማንኛውም ሰው ዝርዝር ይልቅ ያስታውሳችኋል።

ለመጀመሪያ ያህል እነዚህን መዝኑ። ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ለ«ድራብ» ይሆናል፤ ጊዜና መደጋገም የለበትም። ከፍና ዝቅ የማይል የአንባቢ ድምፅ «ሞኖተነስ» ነው። ያ አንባቢ በዚያው ድምፅ ለሦስት ሰዓት የስም ዝርዝር ቢያነብ ንባቡ «ቲዲየስ» ይሆናል፤ ድምፁ ግን «ሞኖተነስ» እንደሆነ ይቀራል። ተራራ መውጣት «ታየሪንግ» ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የፈጀ፣ ሁሉም ተሳታፊ ያንኑ ሐሳብ በተራ የደገመበት ስብሰባ ያለ ጥርጥር «ቲዲየስ» ነው። የመጽሐፍን የፊደል ግድፈት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው መልቀምስ? እሱም «ቲዲየስ» ነው፤ ነገር ግን የአራሚውን ሥራ የምታመሰግኑበት ደብዳቤ ከሆነ የምትጽፉት፣ «ለቦሪየስ» የሚለውን ምረጡለት።